ክለባችሁ የፕሮጀክት ግራንት እንዲያገኝ ምን ማድረግ አለበት? ለድሬና ለሐረር ክለቦች የተዘጋጀ መመሪያ

«ግራንት እንዴት ነው የሚሞላው?» ግራንት ማለት ለፕሮጀክት የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ጥያቄው በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ይጀምራል። የሮታሪም የላየንስም (ሁለቱም ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ክለቦች ናቸው) ዓመት የሚገባው በእኛ ሰኔ 24፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ነው። አዲሶቹ ፕሬዚዳንቶች ስልክ የሚያነሱት ያኔ ነው። በስልክ ተመልሶ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ቅጽ መሙላት ከሥራው ሁሉ አጭሩ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ከቅጹ በፊት በምትሠሩት ሥራ ነው። ቀጣዩን ግራንት የሚያስገኝላችሁ ደግሞ የዚህኛው ደረሰኝ አያያዝ ነው። ስለዚህ ስለ ቅጹ ጥቂት፣ ስለ ሌላው ብዙ እጽፋለሁ።

ነገሩ እንዲጨበጥ ምሳሌ እንያዝ። እንበል ክለባችሁ በድሬዳዋ ገጠር፣ በቢዮ አዋሌ በኩል ላለ አንድ ትምህርት ቤት ውሃ፣ መጸዳጃና እጅ መታጠቢያ መሥራት ይፈልጋል።

የትኛውን ግራንት ነው የምትጠይቁት?

ሮታሪ ከሆናችሁ ሁለት በር አለ። ትንሹ ዲስትሪክት ግራንት ነው፤ ዲስትሪክት ማለት የአንድ አካባቢ ክለቦች የሚታቀፉበት ክፍል ነው። ዲስትሪክታችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ከሮታሪ ፋውንዴሽን ገንዘቡን በአንድ ላይ ይቀበልና ለክለቦች ያከፋፍላል። የማመልከቻውን ቀንና የገንዘቡን ጣሪያ የሚወስነውም ዲስትሪክቱ ነው። የውጭ አጋር ግዴታ አይደለም። ለአንድ ትምህርት ቤት ወንበር፣ ለጥቂት የእጅ መታጠቢያዎች፣ ለአንድ ቀን የዓይን ምርመራ ይህ ይበቃል።

ትልቁ ግሎባል ግራንት ነው። ጠቅላላ በጀቱ ቢያንስ 30,000 ዶላር መሆን አለበት። ሌላ አገር ያለ አጋር ክለብ ይፈልጋል። ፕሮጀክቱ ከሰባቱ የትኩረት መስኮች በአንዱ ውስጥ መግባት አለበት፤ እነሱም ሰላም፣ በሽታ መከላከልና ሕክምና፣ ውሃና ንጽሕና፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ መሠረታዊ ትምህርት፣ የማኅበረሰብ ኢኮኖሚ ልማትና አካባቢ ጥበቃ ናቸው። ማመልከቻው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። የእኛ ምሳሌ እዚህ ይገባል።

ሮታራክቶችም (የሮታሪ የወጣቶች ክለቦች) ሁሌ ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ ሮታራክት ክለብ የግሎባል ግራንት ስፖንሰር መሆን ይችላል። ግን ቀድሞ ከአንድ ሮታሪ ክለብ ጋር ሆኖ በግሎባል ግራንት የሠራ መሆን አለበት።

ላየንስ ከሆናችሁ ገንዘቡ የሚመጣው ከራሳችሁ ፋውንዴሽን፣ ከኤልሲአይኤፍ (የላየንስ ክለቦች ዓለም አቀፍ ፋውንዴሽን) ነው። የማቺንግ ግራንት (እናንተ ባዋጣችሁት ላይ ፋውንዴሽኑ የሚጨምረው ገንዘብ) ጥያቄ በዲስትሪክቱ በኩል ስለሚሄድ የመጀመሪያ ስልካችሁ ለዲስትሪክት ገቨርነሩ ይሁን። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮችና የጊዜ ገደቦች የሮታሪ ናቸው። ሰዉን መጠየቁ፣ በጀቱ፣ ግዥውና ደረሰኙ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ግራንት ይዞ የማያውቅ ክለብ በትንሹ ቢጀምር እመክራለሁ። በትንሽ ገንዘብ ደረሰኝ መያዝ የተለማመደ ክለብ በትልቁ አይደናገርም።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

- የክለቡ የታደሰ ምዝገባና የባንክ ሂሳብ ለመክፈት የሚያስፈልጉ ሕጋዊ ወረቀቶች
- ቦርዱ ፕሮጀክቱን ያጸደቀበት ቃለ ጉባኤ
- በፕሬዚዳንቱና በተመራጩ ፕሬዚዳንት የተፈረመ የክለቡ የመግባቢያ ሰነድ
- ቢያንስ ሦስት አባላት ያሉት የፕሮጀክት ኮሚቴ
- የማኅበረሰብ ፍላጎት ጥናት ውጤት
- ከትምህርት ቤቱና ከሚመለከተው ቢሮ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ
- ለዋና ዋና ዕቃዎች ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ
- ለፕሮጀክቱ ብቻ የሚያገለግል የባንክ ሂሳብ
- ሁለት ቦክስ ፋይል፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ በክለቡ ስም የተከፈተ ኢሜይልና የሰነድ ማስቀመጫ

የመጨረሻዋን አትናቋት። ሰነዶቹ በአንድ ሰው የግል ኢሜይል ውስጥ ከተቀመጡ ያ ሰው ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ የገባ ቀን ግራንቱም አብሮት ይሄዳል።

እርምጃ 1፦ ክለቡን ብቁ አድርጉ

ለግሎባል ግራንት ክለቡ በየዓመቱ ብቃቱን ያድሳል። ይህ ማለት ዲስትሪክቱ የሚያዘጋጀውን የግራንት አስተዳደር ሥልጠና አባሎቻችሁ ይወስዳሉ፣ የመግባቢያ ሰነዱም ይፈረማል ማለት ነው። ሰነዱ ገንዘብ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስገድዳችሁ ውል ነውና ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

አብራችሁ የድሮ ግራንቶችን ፈትሹ። ሪፖርቱ ያለፈበት የቆየ ግራንት ካለ አዲስ አይሰጣችሁም። ያለፈውን ፕሬዚዳንት ቡና ጋብዙና «ያልተዘጋ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሳያጣሩ ወራት የለፉ ክለቦች አሉ።

እርምጃ 2፦ ሰዉን ጠይቁ

እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ግሎባል ግራንት ያለ ፍላጎት ጥናት አይታሰብም። ደግሞም ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ድሬን በሕልሙም አያውቃትም። የሚያየው እናንተ በምትጽፉት ቁጥር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሐሳባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጋችሁ ሂዱ። «ውሃ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። በዚህ ሙቀት ማን አልፈልግም ይላል? ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ዛሬ ጠዋት የጠጣችሁት ውሃ ከየት መጣ? ማን ቀዳው? ስንት ሰዓት ፈጀ? በጀሪካን ስንት ተከፈለ? ውሃ በማይኖርበት ቀን ትምህርት ቤቱ ምን ያደርጋል?

ሰዎቹን ለየብቻ አነጋግሩ። ርዕሰ መምህሩ ባለበት ተማሪ አይናገርም። ሴት ተማሪዎችን ሴት አባል ብቻዋን ታነጋግራቸው፤ የመጸዳጃው እውነተኛ ችግር የሚወጣው እዚያ ነው። ከዚያ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱን (ወተመህ)፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የቀበሌውን ሰዎች፣ ሽማግሌዎችንና የመስጊዱን ኢማም አግኙ። ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን እንዳትረሱ። ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቋንቋውን አስቡበት። በድሬ ገጠር አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ የሚናገር አባል ሳትይዙ አትውጡ። በአማርኛ ብቻ ከጠየቃችሁ የሚመልስላችሁ አማርኛ የሚችለው ብቻ ነው። ጥናቱም የእሱ ጥናት ሆኖ ይቀራል።

ቀኑንም ምረጡ። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰላት ነው። የገበያ ቀን ሴቶቹን አታገኟቸውም። በረመዳን በጠዋት ካልሆነ ሰው አታድክሙ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱም በርጫውም አለ፤ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ቁጥር ያዙ። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት ተማሪ አለ? ስንት የመጸዳጃ ክፍል አለ፣ ስንቱ በር አለው? ቅርቡ የውሃ ነጥብ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ከመዝገብ ላይ የቀሪ ተማሪዎችን ቁጥር ቅዱ። ሥራው ሲያልቅ ለውጡን የምታሳዩት ከዚህ ቁጥር ተነስታችሁ ነው። ዛሬ ያልተቆጠረ ነገር ነገ ተሻሻለ ቢባል ማን ያምናል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። በየገጠሩ ቆሞ የቀረ ፓምፕ ወይም የደረቀ ቧንቧ አይጠፋም። እዚያ ውሰዱኝ በሉ። ፎቶ አንሱት። ለምን ቆመ? መለዋወጫ ጠፍቶ? የነዳጅ ገንዘብ አልቆ? ጠጋኙ ሄዶ? መዋጮውን የሚሰበስብ ጠፍቶ? መልሱን ቃል በቃል ጻፉ። ቅጹ በኋላ «ይህ ፕሮጀክት ገንዘቡ ካለቀ በኋላ እንዴት ይቀጥላል?» ብሎ ይጠይቃችኋል። የዚህ ጥያቄ ምርጥ መልስ የተገኘው ከዚያ ከቆመው ፓምፕ ነው።

ውሃ ካለበት ናሙና አስመርምሩ። የድሬ የከርሰ ምድር ውሃ ጠጣርነቱን ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ነጭ ቅርፊቱ ቧንቧና ፓምፕ ላይም ይሠራል። ናይትሬቱም መታየት አለበት። ውጤቱን ሳታዩ ፓምፕ ከመረጣችሁ ሁለት ጊዜ ትገዛላችሁ።

አንዳንዴ ጥናቱ ፕሮጀክቱን ይቀይረዋል። ውሃ ፍለጋ ሄዳችሁ ሰዉ የጎደለው የሴቶች መጸዳጃ በር ነው ሊላችሁ ይችላል። ያኔ ሐሳባችሁን ቀይሩና ለምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። አንባቢው ሰዉን በእርግጥ እንደሰማችሁ የሚያውቀው ከዚህ ነው።

እርምጃ 3፦ ከቢሮዎቹ ጋር በወረቀት ተስማሙ

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው። የምትሠሩትን ወስዶ የሚያስተዳድረውም መንግሥትና ወተመህ ናቸው። ስለዚህ ከትምህርት ቢሮና የገጠር ውሃን ከሚመራው ቢሮ ማኅተም ያለበት ስምምነት ያዙ። ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍበት፦ ንብረቱ የማን ይሆናል፣ ጥገናውን ማን ይከፍላል፣ የሚሰበሰብ መዋጮ ካለ የት ይቀመጣል። «እንተባበራለን» የሚል ደብዳቤ ለፎቶ ያምራል እንጂ ፓምፕ አያስጠግንም።

ጊዜውን ተጠንቀቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ አጋማሽ ላይ ቢሮ ገብታችሁ ደብዳቤ ብትጠይቁ ሁሉም ሒሳብ መዝጋት ላይ ነው። ግንቦት ላይ ጨርሱት፣ አለዚያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ታገሡ። ከምሳ በኋላ ድሬ ውስጥ ፊርማ ፍለጋ መዞር ደግሞ ትርፉ ላብ ነው። በጠዋት ሂዱ።

ሐረር ከሆናችሁና ሥራው ጀጎል ውስጥ ከሆነ አንድ ተጨማሪ በር አለ። ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ለቧንቧ መስመር ከመቆፈራችሁ በፊት የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተውን ቢሮ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ከሚያስቆሟችሁ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

እርምጃ 4፦ የውጭ አጋር ፈልጉ

ግሎባል ግራንት ሁለት ስፖንሰር አለው፤ ሥራው ባለበት አገር ያለ ክለብና ሌላ አገር ያለ ክለብ። ለገንዘቡ ሁለቱም እኩል ይጠየቃሉ። በሁለቱም በኩል ቢያንስ ሦስት ሦስት ሰው ያለው ኮሚቴ ይቋቋማል።

የት ይገኛል? የዲስትሪክቱን የዓለም አቀፍ አገልግሎት ኃላፊ ጠይቁ። በጉብኝት መጥተው ከእናንተ ጋር የተሰበሰቡ የውጭ ክለብ አባላትን አድራሻ ከመዝገባችሁ አውጡ። ዳያስፖራውንም ነካ አድርጉ። የድሬ ልጅ የሌለበት አገር የለምና «እዚያ ሰፈራችሁ ሮታሪ አለ ወይ?» ማለት ብቻ አንዳንዴ በር ይከፍታል።

የምትልኩት አንድ ገጽ ይሁን። ቦታው፣ ችግሩ በቁጥር፣ መፍትሔው፣ ግምታዊ በጀቱ፣ እናንተ የምታዋጡት፣ ከእነሱ የምትጠብቁት፣ ሁለት ፎቶ። ሃያ ገጽ ፕሮፖዛል የሚያነብ የለም።

ዙም ስትቀጥሩ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት ክልሉ ጋር ጻፉ። የእኛ 3 ሰዓት የእነሱ 9 ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ መቅረት መጥፎ መተዋወቂያ ነው።

እርምጃ 5፦ በጀቱን ሥሩ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ገንዘቡ ከየት ከየት እንደሚመጣ ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። በምሳሌያችን ጠቅላላው 40,000 ዶላር ነው እንበል።

- ከአጋሩ ዲስትሪክት ፈንድ (ዲስትሪክቱ በፋውንዴሽኑ ውስጥ ያለው ድርሻ)፦ 15,000
- ከእኛ ዲስትሪክት ፈንድ፦ 5,000
- ከፋውንዴሽኑ ወርልድ ፈንድ (የፋውንዴሽኑ የጋራ ቋት)፦ 16,000
- ከሁለቱ ክለቦች ጥሬ ገንዘብ፦ 4,000

16,000 ከየት መጣ? ወርልድ ፈንዱ ዲስትሪክቶች ከሚሰጡት ገንዘብ ላይ 80 በመቶ ይጨምራል። 20,000 ሲባዛ በ80 በመቶ 16,000 ነው። የክለቦች ጥሬ ገንዘብ ላይ ግን ምንም አይጨምርም። ስለዚህ የዲስትሪክት ፈንድ ያለው አጋር ማግኘት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ካለው ይበልጣል። ሌላም አለ፦ ክለቦች ጥሬ ገንዘቡን በፋውንዴሽኑ በኩል ከላኩ 5 በመቶ ተጨማሪ ይከፍላሉ። በእኛ ምሳሌ 200 ዶላር ነው። ይህ ከበጀቱ ውስጥ ሳይሆን ከኪስ የሚወጣ ነው።

በነፃ የሚሠሩት ሥራ፣ በስጦታ ያገኛችሁት ሲሚንቶ፣ የአባል መኪና፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ገንዘብ መዋጮ አይቆጠሩም። በማብራሪያው ጥቀሷቸው፣ በስሌቱ ውስጥ ግን አታስገቧቸው።

ወጪው ላይ ስንመጣ ብሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በዚያ ሰሞን በብር በጀት የሠራ ሁሉ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ከውጭ የሚገባውን ዕቃ (ፓምፕ፣ የሶላር ፓነል) በዶላር አስቡት። አሸዋ፣ ድንጋይና ጉልበት በብር ይሁን። የተጠቀማችሁበትን ምንዛሪና ቀኑን በጀቱ ግርጌ ጻፉ። ለመጠባበቂያ የሚሆን መስመር እስከ 10 በመቶ ይፈቀዳል፤ ተጠቀሙበት።

የሚረሱትን ልቁጠር። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በፕሮፎርማው ውስጥ አለ ወይስ ከላዩ ላይ ነው? ትራንስፖርቱ እስከ ድሬ ነው ወይስ እስከ ትምህርት ቤቱ በር? ጫኝና አውራጅስ? ይህን የማያስብ ክለብ ሲሚንቶው የወረደ ቀን እርስ በርስ ይተያያል። መለዋወጫ ከፓምፑ ጋር አብሮ ይገዛ። ሥልጠናም የግድ ነው። ግሎባል ግራንት ዕቃ ገዝቶ መስጠትን ብቻ አይደግፍም፤ ወተመሁንና ጠጋኙን የምታሠለጥኑበት መስመር ከሌለ ይመለስባችኋል።

ጥንቃቄ፦ ሰው የሚኖርበትን ወይም የሚሠራበትን አዲስ ሕንፃ በግሎባል ግራንት ለመገንባት አታስቡ። መጸዳጃና የውሃ መስመር ግን ይቻላል። ፈቃድ ሳይመጣ የጀመራችሁትን ሥራም ፋውንዴሽኑ አይተካላችሁም። «ገንዘቡ እስኪመጣ በብድር እንጀምር» የሚል አባል አይጠፋም። አመስግኑትና አስቀምጡት።

እርምጃ 6፦ ቅጹን ሙሉ

ቅጹ ኦንላይን ነው፤ በማይ ሮታሪ (የሮታሪ የአባላት ድረ ገጽ) አካውንታችሁ ገብታችሁ የግራንት ማዕከል ውስጥ ታገኙታላችሁ። እስከዚህ የሠራችሁትን መገልበጥ ነው። «የማኅበረሰቡን ሕይወት ይቀይራል» ከማለት «ተማሪዎች አሁን ውሃ ለመቅዳት በቀን ይህን ያህል ደቂቃ ይሄዳሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ይሆናል፤ የሚለካው ኮሚቴው ነው፣ በየሩብ ዓመቱ» በሉ።

ከላካችሁ በኋላ ጥያቄ በኢሜይል ይመጣል። ጥያቄ መምጣቱ ውድቀት አይደለም። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መልሱ። አቦ፣ ስንቱ ጥሩ ማመልከቻ ኢሜይል የሚያይ ሰው አጥቶ ተኝቷል!

እርምጃ 7፦ ገንዘቡን የሚቀበል ሂሳብ ክፈቱ

ሂሳቡ ለዚህ ፕሮጀክት ብቻ ይሁን። ከክለቡ መዋጮ ጋር አይቀላቀል። ፈራሚዎቹ ሁለት የክለብ አባላት ይሁኑ፤ ያለ ሁለቱ ፊርማ አንድ ብር አይወጣም። ኤቲኤም ካርድ አታውጡ፤ ካርድ ሁለት ፊርማ አያውቅም። ገንዘቡን በማንም የግል ቴሌብር አታሳልፉ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን።

ዶላሩ ሲገባ ባንኩ በዕለቱ ተመን በብር ይቀይረዋል። የተቀየረበትን ወረቀት፣ የባንኩን አድቫይስ፣ ያኔውኑ ተቀብላችሁ ፋይል አድርጉ። ሪፖርት ላይ ዶላሩና ብሩ የሚታረቁት በዚያ ወረቀት ነው። ወለድ ካመጣ ወለዱም ለዚያው ፕሮጀክት ይውላል ወይም ይመለሳል።

ደግሞ ሁሉም ያዋጣው ገንዘብ ሳይገባ ፋውንዴሽኑ ክፍያ አይለቅም። የዘገየ ካለ መጀመሪያ የራሳችሁን ድርሻ እዩ።

እርምጃ 8፦ ግዛ፣ ግን በሥርዓት

ሦስት ፕሮፎርማ ከሦስት የተለያዩ ሻጮች። አንዱ ሱቅ «ሦስቱንም እኔ አመጣላችኋለሁ» ካለ ተሰናበቱት። በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞሉ ሦስት ወረቀቶችን ማንም ኦዲተር ይለያቸዋል። ርካሹን ካልመረጣችሁ ለምን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ዋስትና፣ የመለዋወጫ መገኘት፣ ድሬ ውስጥ ጠጋኝ መኖሩ በቂ ምክንያት ነው።

አባል ነጋዴ ከሆነስ? ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው። ከአባል ወይም ከአባል ቤተሰብ መግዛት ካሰባችሁ ለፋውንዴሽኑ ቀድማችሁ አሳውቁ። አባሉም ከውሳኔው ይውጣ። በኋላ ከተደረሰበት ዋጋው ትክክል ቢሆን እንኳን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ቀፊራም ሆነ ታይዋን ገበያ ዋጋው ይጥም ይሆናል። ቲን ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ከሌለው ግን ለእናንተ ርካሽ አይደለም። ዊዝሆልዲንግ (ከሻጩ ክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር) የሚቀነስበት ክፍያ ከሆነ ቀንሱና ደረሰኙን ያዙ። ለዚህ ከክለባችሁ አንድ የሒሳብ ባለሙያ መድቡ።

ተቋራጩን በአንዴ አትክፈሉ። ክፍያው ከሥራው ደረጃ ጋር ይያያዝ። የመጨረሻው ክፍያ ውሃው ወርዶ፣ በሮቹ ተዘግተው ተከፍተው ከታዩ በኋላ ይሁን።

እርምጃ 9፦ ሥራውን እዩ

በየሳምንቱ አንድ አባል ይሂድ፤ ሁሌ ያው ሰው አይሁን። ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በየጊዜው ፎቶ አንሱ፤ ለውጡ ይታያል። በክረምት ወንዝ የሚሻገር መንገድ ካለ ከባዱን ዕቃ ከሐምሌ በፊት አስገቡ። የፓምፑን ዓይነት ወይም ቦታውን መቀየር ካስፈለገ ከመቀየራችሁ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። በስልክ «እሺ» የተባለ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም።

እርምጃ 10፦ ደረሰኝና ሪፖርት

የመጀመሪያው ክፍያ ከገባ በ12 ወር ውስጥ፣ ከዚያም በየ12 ወሩ የሂደት ሪፖርት አለ። ሥራው ካለቀ በ2 ወር ውስጥ የመጨረሻው ሪፖርት። ከ500 ዶላር በላይ ከተረፈ ይመለሳል። ሰነዶቹ ቢያንስ 5 ዓመት ይቀመጣሉ፤ የአገር ሕግ ከዚያ በላይ ከጠየቀ በሕጉ ነው።

ደረሰኙ በደረሰ ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ሙቀት አይችልም። በድሬ ፀሐይ መኪና ውስጥ የተረሳ ደረሰኝ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የበጀት መስመሩ ቁጥር፣ የተከፈለበት መንገድ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር።

ስለ ቀን ልጨምር። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ አብዛኛውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የውጭ አጋራችሁ «2016» ሲያይ ከብዙ ዓመት በፊት የተገዛ ይመስለዋል። ጳጉሜን ሲደርስማ ወር 13 ብሎ የተጻፈ ደረሰኝ የሐሰት ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። አንድ ገጽ ማብራሪያ ከሪፖርቱ ጋር አያይዙ።

ደረሰኝ የማይሰጥበት ክፍያ አለ፤ የቀን ሠራተኛ፣ ጫኝና አውራጅ። ለዚህ የክፍያ ቅጽ አዘጋጁ፦ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ሥራው፣ ገንዘቡ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ።

እርምጃ 11፦ አስረክቡ

ሪባን ከመቁረጣችሁ በፊት የርክክብ ሰነዱን አስፈርሙ። ዕቃው በዝርዝር፣ ቁልፉ ለማን እንደተሰጠ፣ መለዋወጫው የት እንዳለ፣ የጠጋኙ ስልክ፣ የጥገና መዋጮው የሚቀመጥበት ሂሳብ ይጻፍ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ። ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«መዋጮ አምጡና እንሠራላችኋለን» ማለት። ግራንቱን ለማግኘት ከተጠቃሚዎች ገንዘብ መሰብሰብ አይፈቀድም። ሥራው ካለቀ በኋላ ለጥገና የሚከፍሉት ሌላ ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ታፔላውን ከፓምፑ ቀድሞ ማሠራት። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ሥራው ይዘገያል፣ ሰዉ ይጠይቃል።

በጀቱን ከሌላ ክለብ መገልበጥ። የአዋሳ የጭነት ዋጋ ለድሬ አይሆንም። የድሬም ለሐረር ጀጎል ጠባብ መንገዶች አይሆንም፤ እዚያ ዕቃ የሚገባው በሰው ትከሻና በአህያ ነው፣ እሱም ይከፈልበታል።

ሁሉንም ለአንድ ጎበዝ አባል መተው። ጎበዙ ሲታመም ወይም ሲሰላች ፈራሚም፣ ይለፍ ቃልም፣ ተቋራጩን የሚያውቅ ሰውም አይኖርም።

ሰኔ ላይ ርክክብ ሳያደርጉ ሥልጣን መቀየር። ግራንቱ የክለቡ እንጂ የፕሬዚዳንቱ አይደለም። ተመራጩ ፕሬዚዳንት ከሚያዝያ ጀምሮ በኮሚቴው ስብሰባ ይቀመጥ። የባንክ ፈራሚ የሚቀየር ከሆነ ቃለ ጉባኤው ግንቦት ላይ ለባንኩ ይድረስ። ቦክስ ፋይሎቹም በፊርማ ይተላለፉ፣ ስንት ሰነድ እንዳለ ተቆጥሮ።